ነጠላ አዘቅዝቀው ለመጡልን የካውንቲያችን አስተዳዳሪ፣ ስለ ለቅሶዎ

ለክቡር የካውንቲያችን ዋና አስተዳዳሪ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ደፋ ቀና ለሚሉት፤

ጤና ይስጥልኝ ክቡርነትዎ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እዚህ አገር ምርጫ ሩጫ ነው ስለሚባል ከሁሉ በፊት የጉልበትዎ ነገር አሳስቦኝ ነው። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በየምርጫ ማስታወቂያ ፍላየሩ ላይ ከፊት ለፊት የሚቀመጠው ቡናማ ውሻዎም ጭምር በያሉበት ደህና ይሁኑልኝ። እኛ ደህና ነን። መንገድ ካልተሻገርን ደግሞ በጣም ደህና ነን።

እኔ ውድነህ እባላለሁ። ዳውንታውን ዴንቨር ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ የራሴን አይደለም፣ የሰው። የእርስዎም መኪና በእጄ ሳያልፍ አይቀርም፤ አንድ ቀን ሞተር ሲያስነሱ ሬዲዮው በማያውቁት ቋንቋ መዝፈን ከጀመረ ወንጀለኛው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥሩ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ስጽፍልዎ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። የምርጫ ፍላየርዎ ጀርባ ላይ «በካውንቲያችን ሁሉም ቋንቋ ቤተኛ ነው» የሚል ቃል ስላየሁ፣ ቤተኛ ከሆነማ ሳያንኳኳ ይግባ ብዬ ነው። አማርኛዬን ሰባተኛ ክፍል ላይ ጥዬው መጣሁ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ሃይስኩል በር ላይ እኔን ጥሎኝ ሄደ፤ ስለዚህ የፊደል ስህተት ቢያገኙ እንደ ባህል ይቁጠሩልኝ። በአስተርጓሚ እንደሚያስነብቡት አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ፤ እባክዎ ለአቶ ወልደገብርኤል አይስጡት። አቶ ወልደገብርኤል የኮሚኒቲያችን ሽማግሌ፣ የስብሰባችን ሁሉ አስተርጓሚ ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንከን የለውም፤ ችግሩ ልባቸው ነው። ደግ ሰው ስለሆኑ ስድብን ምርቃት አድርገው ይተረጉማሉ። አንድ ጊዜ የእርስዎንም ንግግር እንዲህ አድርገውታል፤ ቆይቼ እደርስበታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፍሬዘር የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሰው ሲሞት ሁሉም ተነስቶ «ሳቂታ ነበር» ይላል፤ ፍሬዘር ግን በሕይወት እያለም ሳቂታ ነበር። ጋራዡ ውስጥ አብረን ስንሠራ የትራፊክ ኮን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ጳጳስ ይሆንና የሚገባውን መኪና ሁሉ ይባርክ ነበር፤ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እንዲያውም ከልባቸው ተባርከው፣ አማትበው፣ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ብለው ጠይቀውታል። «የሦስተኛው ፎቅ» አላቸው።

ባለፈው ዊንተር ከሥራ ሲመለስ፣ ከባስ ወርዶ፣ ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍለውን የካውንቲውን ሰፊ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። የተገጨው መሻገሪያው ላይ ነው። ነጩ መስመር አለ፣ የእግረኛ ሥዕል ያለበት ምልክትም አለ፤ የሌለው መብራት ብቻ ነው። ሾፌሩ አላየሁትም አለ። ፖሊሱ ጨለማ ነበር አለ። ሾፌሩም አልዋሸ፣ ፖሊሱም አልዋሸ፤ እንደዚያ ቀን እውነት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እናቱ እትዬ ፀዳል ይባላሉ። ሌክውድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ ወደ ሥራ የሚወስዳቸው ባስ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው። ዛሬም እዚያው ነው የሚቆመው። እሳቸውም በየማለዳው፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጃቸው በወደቀበት ነጭ መስመር በኩል ይሻገራሉ። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለፍሬዘር አይደለም፤ ፍሬዘር ከእንግዲህ መንገድ አይሻገርም። የተጻፈው እትዬ ፀዳል እንዲሻገሩ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ቅሬታ ነው የሚልዎ ሰው ካለ ምቀኛ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጥናቱ አመሰግናለሁ። ፍሬዘር በተቀበረ ሰሞን ኮሚኒቲው ተፈራርሞ መሻገሪያው ላይ መብራት እንዲተከል ቢሮዎን ለመነ። ቢሮዎም አክብሮ መለሰ፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አለ። ይህን መልስ ለእትዬ ፀዳል ያደረሱት አቶ ወልደገብርኤል ናቸው። ክቡርነትዎ ሊያውቁት አይችሉምና ላስረዳዎ፤ እኛ ሐዘንተኛን ስናጽናና «ጥናቱን ይስጥሽ» እንላለን፤ ብርታቱን፣ መቻሉን ይስጥሽ ማለታችን ነው። እናንተ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ ወረቀት ላይ የምታጠኑት ነገርም በእኛ ቋንቋ ስሙ ያው ጥናት ነው። አቶ ወልደገብርኤል ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፀዳል፣ ካውንቲው ጥናቱን...» ሲሉ እትዬ ፀዳል አላስጨረሷቸውም። ያን ሰሞን የገባ ሰው ሁሉ በዚያ ቃል ስለሚጀምር ለምደውታል። «አሜን፣ ለሁላችንም ይስጠን» አሉ። አቶ ወልደገብርኤልም ሊያርሟቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ «አሜን» አሉ። እናም ክቡርነትዎ፣ ሕዝቡ ሁሉ ጥናቱን ይስጥሽ ብሎ ወደየቤቱ ሄደ፤ እንደ ቃሉ ጥናት የሰጣቸው የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው። እስካሁንም እየሰጠ ነው። አላለቀበትም።

ሁለተኛ፤ ካውንቲው ለሕዝቡ ስላወጣው አፕ አመሰግናለሁ። ስልክ ላይ ይጫናል፣ መንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ያየ ሰው ሪፖርት ያደርግበታል። ጉድጓድ የሚል አለ፣ የወደቀ ዛፍ የሚል አለ፣ የሞተ እንስሳ የሚል አለ። የሞተ ሰው የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን ተጭኜ ስለ ፍሬዘር ብጽፍ፣ ሪፖርትዎ ከየትኛውም ዘርፍ ጋር ስላልገጠመ ተዘግቷል፣ ስለተሳትፎዎ እናመሰግናለን ተባልኩ። በማግስቱ እዚያው መሻገሪያ ላይ ሚዳቋ ሞቷል ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ስለ አስተዳደርዎ ቅልጥፍና የነበረኝ ጥርጣሬ ሁሉ ያን ቀን ተነነ! ሳንድዊቼን ሳልጨርስ ብርቱካናማ መብራት እያብለጨለጨ መኪና መጣ። አካፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ወርደው «የታለ ሚዳቋው?» አሉኝ። ከስልኬ ላይ ፍሬዘርን አሳየኋቸው፣ ኮኑን ደፍቶ ሲባርክ። «እዚህ ነበር የወደቀው፣ ተነስቷል» አልኳቸው። አንደኛው ሊሰድበኝ አፉን ከፈተ። ሁለተኛው ጓንቱን አወለቀ፤ ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየ፣ መንገዱን አየ፣ ኮፍያውን አንስቶ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ከዚያ አካፋውን መኪናው ላይ መለሰ። እባክዎ ለዚያ ሰው ሹመት ይስጡት። በካውንቲው ስም ፍሬዘርን ለቅሶ የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ። እርስዎም ደርሰዋል።

ሦስተኛ፤ እንግዲህ ስለዚሁ ለቅሶዎ ነው የማመሰግነው። በመስከረም ለምረጡኝ ብለው ሎውሪ ሰፈር ያለው አዳራሻችን ድረስ መጡ። ወንበር ደርድረን፣ ማይክ ሞክረን ጠበቅንዎ። በሩ ተከፈተና ነጠላ ለብሰው ገቡ። ኧረ ምን ዓይነት አለባበስ ነው! ጥለቱ ወደ ታች መውረድ ሲገባው አንገትዎ ሥር ወጥቷል። አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። እኛ ነጠላ የምናዘቅዝቀው ሰው ሲሞት ነው፤ አዘቅዝቆ የገባ ሰው አንድ ቃል ባይተነፍስም ለቅሶ ላይ መሆኑ ይታወቃል። እርስዎ ደግሞ አዘቅዝቀው፣ ጥርስዎን እስከ መንጋጋዎ አሳይተው፣ እጅዎን እያውለበለቡ ነበር የሚገቡት።

ለማጨብጨብ የተነሳው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ከልማድ ብድግ አሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ውይ በሞትኩት፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉ፤ አጠገባቸው ያሉትም «እናታቸው ይሆናሉ፣ ዝም በዪ» አሏቸው። «ታዲያ ምን ያስቃቸዋል?» «የፈረንጅ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ዝም በዪ አልኩሽ!» ረዳትዎ የሆነችው ወጣት በበኩሏ በኩራት እያበራች፣ አለባበሱን ከፎቶ አጥንተው እንዳለበሱዎ ለአቶ ወልደገብርኤል ነገረቻቸው፤ ፎቶውንም ከስልኳ አውጥታ አሳየች። አንገቴን አስግጌ አየሁት። ጋዜጣ ላይ የወጣው የፍሬዘር ቀብር ነበር። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቢሮዎ በፍሬዘር ሞት ላይ ምንም ጥናት አላደረገም የሚል ሰው ቢመጣ እኔን ይጥሩኝ፤ ምስክር እሆናለሁ። ነጠላችንን አጥንቷል።

ያኔ እትዬ ፀዳል ከመካከል ተነሱ። እሳቸው የመጡት ስለ መብራቱ ሊጠይቁ ነበር። ወንበር እየተደገፉ መጡና እጅዎን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ትከሻዎን ሳሙ። «መጡልኝ?» አሉ። «ልጄን ብለው መጡልኝ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድርዎን በደስታ ያድርግልኝ።» እንባቸው ያ የተዘቀዘቀው ጥለት ላይ ወረደ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ካሜራው አዙረው፣ እንዲህ ያለ የደስታ አቀባበል በዕድሜዎ አይተው እንደማያውቁ፣ ከእንደዚህ ያለ ደስተኛ ሕዝብ ጋር መዋል ክብር እንደሆነ ተናገሩ። ሁላችንም አቶ ወልደገብርኤልን አየናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ «ፀዳል» አሉ፣ «ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፣ ፈጣሪ ያጥናሽ ነው የሚሉሽ።»

አዳራሽ ሙሉ ሰው እንግሊዝኛ ይሰማል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

አራተኛ፤ አደራውን በፈገግታ ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። እትዬ ፀዳል እጅዎን ሳይለቁ «የመሻገሪያውን መብራት አደራ» ብለውዎታል። ይህንን እንኳ አቶ ወልደገብርኤል በትክክል ሊያደርሱት ደክመዋል፤ ነገር ግን አደራ የሚባለው ቃል እስከዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ አያውቅምና «ፕሊስ» ሆኖ ደረሰዎ። እርስዎም «አብሶሉትሊ!» አሉና ጀርባቸውን መታ መታ አድርገው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ፕሊስ በአብሶሉትሊ ያልቃል። አደራ ግን ወይ ይደርሳል ወይ ይበላል፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም። የበላውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው አስተርጓሚዎ ይንገርዎ፤ እኔ አፈርኩ።

አምስተኛ፤ ስለ ፍላየሩ። ባለፈው ሳምንት በየፖስታ ሳጥናችን ገባ። ፊት ለፊት ያላችሁት እርስዎና እትዬ ፀዳል ናችሁ፤ እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እርስዎ ይስቃሉ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የደስታ እንባ፣ ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር» ይላል። እትዬ ፀዳል ጽሑፉን አላነበቡትም፤ ሥዕሉን አይተው፣ ጠርዙን በጥንቃቄ ቆርጠው፣ ከፍሬዘር ፎቶ ጎን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እኔ ያን ቀን የተበላሸ ስልካቸውን ላይላቸው ቤታቸው ነበርኩ። እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው ሔቨን ከትምህርት ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ አየችውና «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ ቴክ ኢት ዳውን!» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ማሚ፣ ለቮት ነው እኮ የመጣው! ሂ ዳዝንት ኢቭን ኖው ፍሬዚ። ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው ነው የሚለው። ሃፒ ቲርስ! ውድነህ፣ ቴል ኸር!»

ክቡርነትዎ፣ እኔ በቀብር ላይ ሳይቀር የሚቀለድ ነገር ያላጣሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ አጣሁ። አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ። እትዬ ፀዳል ወደ ፍላየሩ ጠጋ አሉ። ይቀድዱታል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲቀድዱት ጸለይኩ። እሳቸው ግን በመዳፋቸው የተነሳውን ጥጉን ግድግዳው ላይ ለጠፍ አደረጉና «ባያውቁም ለብሰውታል» አሉ። «ከመንግሥት ወገን ለልጄ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሌላ ማን አለ? እኔ እሳቸውን ነው የምመርጥ።»

ቢቆጡ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ቁጣ መላ አለው፤ ሰልፍ አለው፣ ጩኸት አለው፣ ቀልድም አለው። ስህተትዎን እንደ ደግነት የቆጠረችልዎ እናት ግን ምን ትደረጋለች? ከካውንቲው ሊያገኙ የቻሉት ማስተዛዘኛ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ተሳስቶ የመጣውንም አንከባክበው ያዙት። ይህን ሳስብ ጋራዡ ውስጥ መኪና ይዤ ስንት ጊዜ ፎቁን እንዳለፍኩት አላውቅም።

ስለዚህ እኔም የእሳቸውን ፍርድ ተቀብያለሁ። ለብሰውታል፣ እንግዲያው ሐዘንተኛ ነዎት። በእኛ ባህል ደግሞ ሐዘን የለበሰ ሰው በራሱ ፈቃድ አያወልቀውም፤ ሽማግሌ ቤቱ ሄዶ፣ ለምኖ ነው የሚያስወልቀው። ለእርስዎ ሽማግሌ ስላልላክን እስካሁን ለቅሶ ላይ ነዎት ማለት ነው። ባህላችንን በጣም እንደሚወዱ በማይክ ስለተናገሩ ደንቡን ቢነግሩኝ ኖሮ እንዳይሉኝ ይኸው፤ ፂም አይላጩም፤ በቴሌቪዥን ከተቃዋሚዎ ጋር ሲከራከሩም እንደጎፈረ ይቅረቡ። ከወንበርዎ ወርደው ቢሮዎ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይቀመጣሉ። የምርጫው ለት ቢያሸንፉም ሙዚቃ፣ ፊኛ፣ ጭብጨባ የለም። ፎቶ ሲነሱ ጥርስ አይታይም። እኛም አንተውዎትም፤ ተራ በተራ እየመጣን እናስተዛዝንዎታለን፤ ወንዶቹ ጥግ ይዘው ካርታ ሲጫወቱ ቢያዩ ቅር አይበልዎ፣ ሐዘንተኛን ብቻውን የማንተወው እንዲያ ነው። ካርታውን እኔ አመጣለሁ።

ሐዘኑ የሚያበቃበትም ቀን አለው። መሻገሪያው ላይ መብራቱ የበራ ለት እትዬ ፀዳል ራሳቸው ቢሮዎ መጥተው ነጠላዎን ያቃኑልዎታል። ያን ቀን እኔም ከእሳቸው ኋላ ሆኜ አጨበጭባለሁ፤ ቃሌ ነው፣ ድምፄንም እሰጥዎታለሁ፣ ውሻዎንም እመርጠዋለሁ።

እስከዚያው ድረስ ሥራዎን ደርቤ እየሠራሁ እንደሆነ በትሕትና አሳውቃለሁ። በየማለዳው የጋራዡን ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ የስልኬን መብራት ከፍቼ፣ መንገዱ መሃል እቆማለሁ፤ መኪናው ሲቆም እትዬ ፀዳልን «ይለፉ» እላለሁ። ሾፌሮች ይሰድቡኛል፣ አንዱ እንቁላል ወርውሮብኛል። እትዬ ፀዳል ነጩ መስመር ጋ ሲደርሱ አንድ ቦታ ላይ እግራቸውን ሰፋ አድርገው ያነሳሉ፣ የተኛ ሰው እንደሚያልፉ። መቼም አይረግጡትም። እኔ ዞር ብዬ መኪናውን የማይ እመስላለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሺፍቴ ወደ ማለዳ ተዛውሯል፤ አለቃዬን ለመንኩ፣ አልሆነም። ከሰኞ በኋላ እዚያ መንገድ ላይ ነጭ ቀለምና ጨለማ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጥናቱ በቶሎ እንዲያልቅ፣ ፂምዎም በጤና እንዲያድግ እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ እስከ ወገቤ እያጎነበስኩ፣ የካውንቲዎ ያልተሾመ፣ ያልተመረጠ፣ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ መብራት፣

ውድነህ
ከኦሮራ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፤ እትዬ ፀዳል የምርጫ ወረቀታቸውን ሞልተው ጨርሰዋል። ሔቨን እያለቀሰች አነበበችላቸው፣ እሳቸው የእርስዎን ስም አጠቆሩ። በፖስታ ቢልኩት የሚጠፋ ስለመሰላቸው ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄዱ በገዛ እጃቸው ሊያስገቡት ነው። የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ከባስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከደረሱ አንድ ድምፅ አለዎት።